መጠገን ወይስ ወደ ብረት ሞላ መለወጥ፦ የመስክ ተሽከርካሪዎች የአየር ሰስፔንሽን ብልሽትና መንስኤው

የአየር ሰስፔንሽን የተገጠመለት የመስክ ተሽከርካሪ መታመሙን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውቀው ቆሞ ባደረበት ነው። ማታ በአራቱም ማዕዘን ቀጥ ብሎ የተተወ መኪና ጧት አንድ ጎኑ ዘምሞ፣ አለያም ኋላው እንደ ተንበረከከ ግመል ተቀምጦ ይገኛል። ሞተሩ ሲነሳ ኮምፕሬሰሩ ይጮኻል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መኪናው ቀና ይላል፤ ባለቤቱም ጉዳዩን ይረሳዋል። ይህ ለሳምንታት ወይም ለወራት ከቀጠለ በኋላ አንድ ቀን ኮምፕሬሰሩ ጸጥ ይላል፤ መኪናውም ከተቀመጠበት ሳይነሳ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ የሚከተለው ታሪክ በየጋራዡ ተመሳሳይ ነው። የቆመው ኮምፕሬሰር ስለሆነ ኮምፕሬሰሩ ይለወጣል። መኪናው ለጥቂት ወራት በደህና ይሠራል፤ ከዚያም አዲሱ ኮምፕሬሰር እንደ አሮጌው ይቃጠላል። ሁለት ጊዜ የከፈለው ባለቤት «የአየር ነገር ለእኛ መንገድ አይሆንም» ብሎ የጎማ ከረጢቶቹን አስወጥቶ የብረት ሞላ ያስገጥማል። መጀመሪያ ዕቃውን የመለወጥ፣ ቀጥሎም ሥርዓቱን የመለወጥ ውሳኔዎች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ይመስላሉ እንጂ ያለፉት ጥያቄ አንድ ነው፦ አየሩ የት ሄደ? ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ኮምፕሬሰሩ በአብዛኛው የብልሽቱ ምክንያት ሳይሆን የመጨረሻው ተጎጂ መሆኑን፣ በመጠገንና በመለወጥ መካከል ያለው ምርጫም ተሽከርካሪው በሚሸከመው ጭነት ጠባይ መወሰን እንዳለበት ነው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ጄኔራል ሞተርስ በ1957 እ.ኤ.አ. ካዲላክ ኤልዶራዶ ብሩምን በአራቱም ጎማ ላይ የአየር ሞላ ገጥሞ ለገበያ ሲያቀርብ፣ አየር የሚያፈስሱት መኪናዎች ብዙ ሳይቆዩ በባለቤቶቻቸው ወደ ብረት ሞላ ይለወጡ ጀመር። በመስክ ተሽከርካሪዎች ዘንድ ቴክኖሎጂው በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር ታግዞ የገባው በ1992 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያው ትውልድ ሬንጅ ሮቨር ላይ ሲሆን፣ ከ1994 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በተመረተው በሁለተኛው ትውልድ ላይ ደግሞ የመኪናው መለያ ሆነ። ከዚህ በታች በዋነኛ ምሳሌነት የሚወሰደው ይህ ሁለተኛው ትውልድ ነው። አሠራሩ ግልጽ፣ ክፍሎቹ ለእጅ የቀረቡ፣ ብልሽቱም በሰፊው የታወቀ በመሆኑ ለማስተማሪያነት የሚመች ነው።

አየር ክብደትን እንዴት ይሸከማል

የአየር ሞላ በክር የተጠናከረ የጎማ ከረጢት ነው። የታችኛው ጫፉ በመቀመጫው ላይ እየተጠቀለለና እየተተረተረ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ፣ በውስጡ የታመቀው አየር የመኪናውን ክብደት ይሸከማል። ከብረት ሞላ የሚለየው ዋነኛ ጠባዩ ግትርነቱ ቋሚ አለመሆኑ ነው። ጭነት ሲጨመር መኪናው በትንሹ ይወርዳል፤ የከፍታ ሴንሰሩ መውረዱን ለመቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ያሳውቃል፤ ቫልቭ ተከፍቶ አየር ይገባል፤ መኪናውም ወደ ቀድሞ ከፍታው ይመለሳል። በዚህ ጊዜ የከረጢቱ ይዘት እንደ ቀድሞው ሲሆን የአየሩ ግፊት ግን ጨምሯል። የአየር ሞላ ግትርነት ከፍጹም ግፊቱ ጋር ስለሚመጣጠን፣ ጭነት የጨመረ ሰው ሳያውቀው ጠንካራ ሞላ አስገጠመ ማለት ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ለኋላው ክርክር ይጠቅማል። በአንድ የኋላ ማዕዘን ላይ ባዶውን 500፣ ተጭኖ 800 ኪሎ ግራም የሚያርፍበት ተሽከርካሪ ይታሰብ። ከረጢቱ ክብደት የሚሸከምበት ስፋት 100 ካሬ ሴንቲሜትር፣ ይዘቱም 3 ሊትር ቢሆን፣ በጌጅ የሚነበበው ግፊት ባዶውን 4.9 ባር፣ ሲጫን 7.8 ባር ይሆናል። የሙቀት ልውውጡን ለማካተት የጋዝ ሕጉ አርቢ 1.3 ተደርጎ ሲሰላ፣ ግትርነቱ በሜትር ከ25.6 ወደ 38.4 ኪሎ ኒውተን ያድጋል። የመኪናው የተፈጥሮ ድግግሞሽ ግን ከ1.14 ወደ 1.10 ኸርዝ ብቻ ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር ተሳፋሪው የሚሰማው እንቅስቃሴ ባዶም ሆነ ሙሉ ያው ነው፤ የመኪናው ሆድ ከመሬት ያለው ርቀትም አይለወጥም። የአየር ሰስፔንሽን ውድነቱን የሚያስረሳው ይህ ነው እንጂ፣ ብዙ ጊዜ የሚነገርለት የወንበር ምቾት ከዚህ የሚከተል ትርፍ ነው።

ሥርዓቱን የሚያቆሙት ሌሎች ክፍሎች ጥቂት ናቸው። በሁለተኛው ትውልድ ሬንጅ ሮቨር ላይ ኮምፕሬሰሩና የቫልቭ ብሎኩ በኮፈኑ ሥር በአንድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ማጠራቀሚያ ታንኩ በሻሲው ላይ ታስሯል፤ በአራቱ ማዕዘን አራት የከፍታ ሴንሰሮች አሉ፤ ሁሉንም የሚያገናኙት 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው የናይሎን ቱቦዎች ናቸው። የታንኩ ግፊት እስከ 10 ባር ገደማ ይደርሳል። በኮምፕሬሰሩና በታንኩ መካከል ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ክፍል አለ፤ እርጥበት በሚመጥጡ ጥቃቅን ፍሬዎች የተሞላው የአየር ማድረቂያ። የብልሽቱን ታሪክ ለመረዳት መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ክፍል ነው።

አየሩ ሲወጣ ውሃው ይቀራል

ኮምፕሬሰሩ የሚስበው አየር ደረቅ አይደለም። በክረምት አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ሙቀት 15 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 80 በመቶ በሆነበት ቀን አንድ ሜትር ኩብ አየር 10 ግራም ያህል የውሃ ተን ይይዛል። አየሩ ሲታመቅ ተኑ ከመጠን ያልፍና ወደ ውሃነት ይለወጣል። ማድረቂያው ይህን ውሃ ይዞ ያስቀራል፤ ወደ ታንኩና ወደ ከረጢቶቹ የሚያልፈው ደረቅ አየር ነው።

እዚህ ላይ የንድፈ አሠራሩ ብልሃት ይታያል። መኪናው ከፍታውን ዝቅ ሲያደርግ ከከረጢቶቹ የሚለቀቀው አየር በቀጥታ ወደ ውጭ አይወጣም፤ በመጣበት ተመልሶ በማድረቂያው ውስጥ ያልፋል። ደረቅና ግፊቱ የቀነሰ አየር በመሆኑ ፍሬዎቹ የያዙትን እርጥበት ጠርጎ ይወስዳል። ማድረቂያው ያለ ማንም ጣልቃ ገብነት ራሱን እያደሰ ለዓመታት የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በማድረቂያው በኩል የገባ አየር ሁሉ በማድረቂያው በኩል እስከወጣ ድረስ ውሃው አይጠራቀምም።

በከረጢቱ ስንጥቅ አፈትልኮ የሚወጣ አየር ይህን ሒሳብ ያፈርሰዋል። አየሩ ውሃውን ለማድረቂያው አስረክቦ ገባ፤ ሲወጣ ግን ሊወስድለት አልተመለሰም። እያንዳንዱ የሚፈስስ ሊትር አየር የውሃ ዕዳውን ለማድረቂያው ጥሎ ይሄዳል።

ዕዳው ምን ያህል ነው? አስቀድሞ አንድ ስሕተት መታረም አለበት። የቆመ መኪና ከረጢት ሲያፈስስ ግፊቱ የሚቀንስ ይመስላል። ነገር ግን ግፊቱን የሚወስነው በላዩ ያረፈው ክብደት ነው፤ ክብደቱ እስካልተለወጠ ድረስ ግፊቱ እንዳለ ይቆያል፤ የሚቀንሰው ይዘቱ፣ ማለትም የመኪናው ከፍታ ነው። ስለዚህ የማፍሰሱ ትክክለኛ መለኪያ ጌጅ ሳይሆን ሜትር ነው። ከላይ የተጠቀሰው ከረጢት በየአምስት ደቂቃው አንድ ሴንቲሜትር የሚያወርድ ስንጥቅ አለው እንበል። በዚህ መጠን የሚወጣው አየር ወደ አዲስ አበባ የከባቢ አየር ግፊት ሲመነዘር በሰዓት 9 ሊትር ገደማ ነው። በደቂቃ 20 ሊትር የሚስብ ኮምፕሬሰር ይህን ለመተካት በሰዓት ውስጥ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሠራም። ለሾፌሩ ጆሮ ይህ ምንም ነው። ለማድረቂያው ግን በሰዓት 0.09 ግራም፣ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን 0.7 ግራም ውሃ ነው። 150 ግራም ፍሬ የያዘና ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛውን መምጠጥ የሚችል ማድረቂያ 30 ግራም ይዞ ይሞላል፤ ይህም ከ43 የሥራ ቀናት በኋላ ማለት ነው። ስሌቱ ውሃው ሁሉ ማድረቂያው ላይ ይቀራል ብሎ ስለሚነሳ ጥብቅ ነው፤ በሌላ በኩል በየጧቱ የወረደውን መኪና ለማንሳት የሚገባውን አየር አልቆጠረም።

ከሞላ በኋላ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነው። እርጥብ አየር ወደ ቫልቭ ብሎኩ ይደርሳል፤ የቫልቮቹ የብረት ክፍሎች ይዝጋሉ፤ የጎሚኒ ቀለበቶቹ ይበላሻሉ፤ የፈረሱት የማድረቂያ ፍሬዎች ዱቄት ሆነው በቫልቮቹ መቀመጫ ላይ ያርፋሉ። በደንብ የማይገጥም ቫልቭ በራሱ ሁለተኛ የማፍሰሻ ቦታ ይሆናል። ብርድ ባለበት አገር ውሃው በቱቦና በቫልቭ ውስጥ በረዶ ይሠራል። ኮምፕሬሰሩ አሁን የሚሠራበት ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ ወደ ደቂቃዎች ያድጋል፤ የፒስተኑ ፋሻ ይበላል፤ ፋሻው ሲበላ ያንኑ ግፊት ለማድረስ ይበልጥ ረጅም ጊዜ ይሠራል። በመጨረሻ ወይ የሙቀት መከላከያው ያቆመዋል፣ ወይ ሞተሩ ይቃጠላል። ጋራዥ የሚደርሰው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። አዲስ ኮምፕሬሰር በተሞላ ማድረቂያ፣ በዛገ የቫልቭ ብሎክና በተሰነጠቀ ከረጢት ላይ ሲገጠም ከአሮጌው ፈጥኖ መሞቱ ሊያስገርም አይገባም።

የከፍታው ተጨማሪ ጫና

የተሽከርካሪ አምራቾች መመሪያ ስለ አቧራና ስለ ውሃ ብዙ ይላል፤ ስለ ቦታ ከፍታ የሚለው ጥቂት ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ግን ጉዳዩ ችላ የሚባል አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የከባቢ አየሩ ግፊት 0.76 ባር ያህል፣ ማለትም በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ የፒስተን ምት የሚያስገባው አየር በዚሁ መጠን ያነሰ ስለሆነ፣ ያንኑ ታንክ ለመሙላት ቢያንስ አንድ ሦስተኛ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ሦስተኛ የበለጠ ይዘት ያለው የውጭ አየር ስለሚስብም በተመሳሳይ ሙቀትና አንጻራዊ እርጥበት አንድ ሦስተኛ የበለጠ ውሃ ያስገባል።

ሙቀቱም ይጨምራል። በጌጅ 10 ባር ለመድረስ በባሕር ወለል ላይ አየሩ 11 ጊዜ ያህል መታመቅ ሲኖርበት፣ በአዲስ አበባ ግን ከ14 ጊዜ በላይ መታመቅ አለበት። ሙቀት ወደ ውጭ አይወጣም ተብሎ በንድፈ ሐሳብ ሲሰላ፣ ከሲሊንደሩ የሚወጣው አየር በደጋው ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በእውነተኛው ኮምፕሬሰር ልዩነቱ ከዚህ ያንሳል፤ ቢሆንም ስስ አየር ኮምፕሬሰሩን በማቀዝቀዝም ደካማ ነው። ስለዚህ በወደብ ከተማ ለዓመት የሚታገሥ ቀላል ማፍሰስ በደጋ ላይ ቀደም ብሎ ኮምፕሬሰሩን ይገድላል። በጠጠርና በኮረኮንች መንገድ ላይ ጥሩ አቧራ በከረጢቱና በመቀመጫው መካከል እየገባ ጎማውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት መፈግፈጉ ሲታከልበት፣ ችግሩ «መኪናው ለእኛ መንገድ አልተሠራም» የሚል ስም ቢሰጠው አይገርምም። ሆኖም ከረጢቱን በየጊዜው ማጠብና ማፍሰሱን ቶሎ መያዝ አብዛኛውን ጫና ያቃልለዋል።

ምርመራ

ከሁሉ በፊት የደኅንነት ነገር ይቀድማል። በአየር ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት አደገኛ ነው፤ ቫልቭ ሲከፈት ወይም ቱቦ ሲነቀል ሁለት ቶን የሚመዝን አካል ያለ ማስጠንቀቂያ ይወርዳል። ክሪክ ብቻውንም አይበቃም፤ ሻሲው በጽኑ መደገፊያ ላይ መቀመጥ፣ ማንኛውም ቱቦ ከመፈታቱ በፊትም ግፊቱ መለቀቅ ይኖርበታል።

ዋናው የምርመራ መሣሪያ ርካሽ ነው። መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ በአራቱም ማዕዘን ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት በሜትር ይለካል፤ ይጻፋል፤ በማግስቱ እንደገና ይለካል። በዚህ መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። አንዳንድ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮች መኪናው ቆሞ ሳለ በየጊዜው እየነቁ ሌሎቹን ማዕዘኖች እጅግ ወደ ወረደው ማዕዘን ከፍታ ያወርዳሉ። የሁለተኛው ትውልድ ሬንጅ ሮቨር ይህ ጠባይ አለው። አንድ ከረጢት ብቻ እያፈሰሰ መኪናው በአራቱም ማዕዘን እኩል ወርዶ ያድራል፤ መርማሪውም ሁሉም ከረጢቶች የተበላሹ ይመስለዋል። ስለሆነም ከመለካቱ በፊት የሰስፔንሽኑን ኮምፒውተር ከኤሌክትሪክ መለየት ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ አራት ከረጢት መግዛት ብርቅ አይደለም።

ኮምፒውተሩ ተለይቶ አንድ ማዕዘን ብቻ ከወረደ ጥርጣሬው በዚያ ከረጢት፣ በቱቦው ወይም በራሱ ቫልቭ ላይ ይወድቃል። ከረጢቶቹ ከፍታቸውን ጠብቀው አድረው ታንኩ ብቻ ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ መፈለግ ያለበት በታንኩ መገጣጠሚያዎችና አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ በሚያግዱት ቫልቮች ዘንድ ነው። መኪናው ዘምሞ እያለ ምንም የሚወርድ ማዕዘን ከሌለ ደግሞ አየሩ ንጹሕ ነው፤ የሚዋሸው የከፍታ ሴንሰሩ ነው። ቦታው ከጠበበ በኋላ የሳሙና ውሃ ይረጫል። መኪናው በከፍተኛው ከፍታ ላይ ሳለ መርጨት ይመረጣል፤ ከረጢቱ በመደበኛ ከፍታ ሲሠራ የሚታጠፍበት መስመር ቀድሞ የሚሰነጠቅ ሲሆን፣ ስንጥቁ የሚገለጠው መኪናው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። በመደበኛ ከፍታ አየር ይዞ የሚያድር ከረጢት አስቸጋሪ ቦታ ለማለፍ ከፍ በተደረገ ጊዜ ማፍሰስ የሚጀምረው ስለዚህ ነው፤ የከፋው ነገር ይህ የሚሆነው ከጋራዥ በራቀ ቦታ መሆኑ ነው።

ጥገና

የጥገናው ቅደም ተከተል ከብልሽቱ ቅደም ተከተል ይቀዳል፦ መጀመሪያ አየሩ የሚወጣበት፣ ቀጥሎ ውሃው የተጠራቀመበት፣ በመጨረሻ የደከመው ክፍል። የተሰነጠቀ ከረጢት አይለጠፍም፤ በክር የተጠናከረ፣ ሁልጊዜ የሚታጠፍና ግፊት የተሸከመ ጎማ ላይ የሚደረግ ልጣፍ ዕድሜ የለውም። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ እኩል ያገለገሉ ስለሆኑ አንድ ላይ መለወጣቸው ተገቢ ነው። ጎማ በመደርደሪያ ላይም ያረጃል፤ ስለዚህ አዲስ ተብሎ የሚሸጠው ከረጢት የተመረተበት ጊዜ ይታይ። ከረጢቱ ከተገጠመ በኋላ ሙሉ ክብደት ሳያርፍበት ጥቂት አየር መግባት አለበት፤ ባዶውን የተጫነ ከረጢት በትክክል ሳይጠቀለል ተጣጥፎ ይቆነጠጣል፤ በመጀመሪያው ቀንም ሊቀደድ ይችላል።

የናይሎን ቱቦዎቹ መገጣጠሚያ ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ቱቦው ተነቅሎ ሲመለስ ጫፉ ላይ ያለው ጭረት በጎሚኒው ላይ ያርፍና አየር ያሳልፋል። ከጫፉ ጥቂት ሚሊሜትር በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርጎ መቁረጥና እስከ መጨረሻው መግፋት በቂ ነው። የቫልቭ ብሎኩ ተፈትቶ የጎሚኒ ቀለበቶቹ ሁሉ ይለወጣሉ፤ የተለወጡት ከፊሉ ብቻ ከሆኑ ሥራው እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የማድረቂያው ፍሬዎች ይተካሉ፤ ዋጋቸው ከሁሉ ያነሰ ሆኖ ሳለ ከሁሉ በላይ የሚረሱ ናቸው። ኮምፕሬሰሩ ገና ካልተቃጠለ የፒስተኑን ፋሻ ብቻ መለወጥ ብዙ ጊዜ ያድነዋል። ከረጢት ወይም ሴንሰር ከተነካ የከፍታ ልኬቱ በመመርመሪያ መሣሪያ እንደገና መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ኮምፒውተሩ የተሳሳተ ከፍታን ትክክል አድርጎ ይጠብቃል።

ወደ ሩቅ የሚሄድ ተሽከርካሪ ላይ አንድ ቀላል ጭማሪ ይመከራል። በእያንዳንዱ ከረጢት ቱቦ ላይ እንደ ጎማ መንፊያ ያለ ቫልቭ ቢገጠም፣ ኮምፒውተሩም ሆነ ኮምፕሬሰሩ ቢሞት ከረጢቱን በጎማ ፓምፕ ነፍቶ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል። ይህ ባይኖር መኪናው በግጭት ማቆሚያ ላስቲኮቹ ላይ ተቀምጦ በቀስታ ከመጓዝ በቀር አማራጭ የለውም፤ በድንጋያማ መንገድ ላይ ደግሞ ያ አማራጭ ለአክስሉም ለተሳፋሪውም ከባድ ነው።

ወደ ብረት ሞላ መለወጥ ምን ያስከፍላል

የብረት ሞላ አያፈስስም፤ ኮምፒውተር አይፈልግም፤ በየትኛውም ጋራዥ ይታወቃል። እነዚህ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው። በሁለተኛው ትውልድ ሬንጅ ሮቨር ላይ ሁለቱም አክስሎች ድፍን በመሆናቸውና የአየር ሞላው ከሾክ አብዞርበሩ ተለይቶ ስለሚቀመጥ፣ የብረቱ ሞላ በዚያው ቦታ ይገባል፤ ለውጡም በአንድ ቀን ይጠናቀቃል። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው ዲስከቨሪ 3 ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአየር ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ አንድ አካል ናቸው፤ ጎማዎቹ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ አስቸጋሪ ቦታ ላይ የግራና የቀኝ ከረጢቶች በቫልቭ ተገናኝተው አየር ይቀባበላሉ፤ በዚህም አንዱ ጎማ ሲገፋ ሌላው ይወርዳል፣ እንደ ድፍን አክስልም ይሠራሉ። ሥርዓቱ የመሬቱን ዓይነት ተከትሎ ሞተሩንና ፍሬኑን ከሚያስተካክለው የመኪናው ቁጥጥር ጋር የተሳሰረ ነው። ከረጢቱን ማውጣት ይህን ሁሉ አብሮ ያወጣል፤ ኮምፒውተሩም የጎደለውን ሥርዓት እየፈለገ ማስጠንቀቂያ መስጠቱን አያቆምም።

ከሽቦና ከቫልቭ ይልቅ የሚከብደው ግን የሜካኒክስ ዋጋው ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው ማዕዘን በባዶው ልክ እንደ አየር ሞላው በሜትር 25.6 ኪሎ ኒውተን የሆነ የብረት ሞላ ቢገጠምለት፣ 300 ኪሎ ግራም ሲጫንበት 11.5 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ይህ ለብዙ ተሽከርካሪዎች የማቆሚያው ላስቲክ ላይ መቀመጥ ማለት ነው። የመውረዱን መጠን በ6 ሴንቲሜትር ለመገደብ ግትርነቱ ወደ 49 ኪሎ ኒውተን ማደግ አለበት። በዚህ ጊዜ የባዶ መኪናው የተፈጥሮ ድግግሞሽ 1.58 ኸርዝ ይሆናል፤ ይህም የቀላል ጭነት መኪና ጠባይ ነው፤ በኮረኮንች ላይ ባዶውን ሲሄድ ኋላው ይዘልላል። በተጨማሪም የመጀመሪያው ሾክ አብዞርበር ለዚህ ሞላ ደካማ ነው። የማርገብ ጥምርታው እንደ ቀድሞው እንዲቆይ የማርገብ ኃይሉ በ38 በመቶ መጨመር አለበት። ሞላውን ለውጦ ሾክ አብዞርበሩን መተው የተለመደ ቁጠባ ነው፤ ውጤቱ መንገዱን በአግባቡ የማይጨብጥ ጎማ ነው፤ ጉዳቱም በድንገተኛ ፍሬንና በጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ይታያል።

ከፍታውም አንዴ ተወስኖ ይቀራል። ለመስክ ተብሎ ከፍ ያለ ሞላ የተመረጠለት መኪና በአስፋልት ላይም ከፍ እንዳለ ይነዳል፤ የስበት ማዕከሉ ወጥቷል፤ ኃይል ወደ አክስሎቹ የሚያስተላልፉት ዘንጎች የሚሠሩበት ማዕዘንም ሰፍቷል። የአየር ሰስፔንሽን በየቅጽበቱ ሲያደርገው የነበረውን ምርጫ የብረት ሞላ የገዛ ሰው በመግዣው ቀን አንድ ጊዜ ያደርገዋል።

ታዲያ ለውጡ መቼ ተገቢ ነው? መለዋወጫ ሳምንታት ተጠብቆ በሚመጣበት፣ የመመርመሪያ መሣሪያ በቅርብ በሌለበት፣ መኪናው መቆሙ ሥራን ወይም ሕይወትን አደጋ ላይ በሚጥልበት አገልግሎት ላይ የብረት ሞላው አስተማማኝነት ከምቾቱ ጉድለት ይበልጣል። የቫልቭ ብሎኩ፣ ኮምፕሬሰሩና አራቱም ከረጢቶች በአንድ ጊዜ ያለቁበት አሮጌ መኪና ላይም የጥገናው ዋጋ ሚዛኑን ሊያዛባው ይችላል። አንድ ከረጢት ባፈሰሰ መኪና ላይ ግን ለውጡ ከሕመሙ የከበደ ሕክምና ነው፤ የአንድ ሌሊት ልኬት ያልተደረገለት መኪና ላይ ደግሞ ውሳኔው በጨለማ የተወሰደ ነው።

ከዋጋውም በላይ ሚዛኑን የሚያነሳው የጭነቱ ጠባይ ነው። በቋሚነት የታሰረ ዕቃ፣ የውሃ ታንክ ወይም የመስክ ላቦራቶሪ ተሸክሞ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ክብደት ይዞ የሚጓዝ ተሽከርካሪ ከአየር ሰስፔንሽኑ የሚያጣው ጥቂት ነው። በዚያ ክብደት በአራቱም ማዕዘን ተመዝኖ ለዚያ ክብደት የተመረጠ ሞላና ሾክ አብዞርበር ቢገጠምለት ከፍታውም ድግግሞሹም ልክ ይሆናሉ። ሰኞ ሰባት ሰውና ዕቃ ጭኖ ወጥቶ ዓርብ ሾፌሩን ብቻ ይዞ የሚመለሰው መኪና ግን የሚስማማው አንድ ሞላ የለም፤ ለእርሱ የሚገባው ከረጢቱን ለውጦ፣ ማድረቂያውን አድሶ፣ ልኬቱን በየወሩ መድገም ነው።